ከዩኒፎርሙ ሥር ሁለት ቀሚስ

ሥራዬ ፈታሽ ነበር። ሳቁ፣ ሳቁ፤ እኔም ስቄበታለሁ። ሰበታ አንድ ጨርቅ ፋብሪካ በር ላይ ሴት ሠራተኞችን እንድፈትሽ የተቀጠርኩ ቀን ጎረቤቴ አጥር ላይ ተንጠልጥላ «በላይነሽ፣ ምን ሆንሽ ነው የሚሉት?» አለችኝ። «ፈታሽ» አልኳት። «ውይ በሞትኩት! መቼ ፈታሽ?» ብላ ነጠላዋን ወደ አይኗ። ተንኮለኛ ነኝና ትንሽ እንድታለቅስልኝ ተውኳት። ባሌ የምሩን የፈታኝ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ያኔ ስነግራት ደሞ ሳቀች፣ ቀልዴ መስሏት።

ይሄን የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ህሊና ናት። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ የቆጠርኩት የሰው ጎድን ነው። ህሊና ሳይኮሎጂ የሚሉትን ተምራ ጨርሳ፣ አሁን ትምህርት ቤት ገብታ የሴት ልጆችን ጭንቀት ልትሰማ ነው። በወንበር! ተቀምጣ! እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ቆሜ የሠራሁትን። ቀናሁ ወይ? ቀናሁ። ጻፊው፣ አትዝለይው። የማወራው እኮ ስለ ቅናት ነው።

ጡረታ የወጣሁት ደክሞኝ እንዳይመስላችሁ። ሱሉልታ በመጨረሻ የሠራሁበት ትምህርት ቤት የሚጮህ በር ገዛ። ልጆቹ በመሀሉ ያልፋሉ፣ ብረት ከያዙ ጢጥ ይላል። ዳይሬክተሩ «እማማ በላይነሽ፣ እንግዲህ ይረፉ» አሉኝ። ሰው በጎረቤቱ ላም ይቀናል፣ በጣውንት ይቀናል፤ በበር የቀናሁት የመጀመሪያዋ ሴት እኔ ሳልሆን አልቀርም።

እንግዲህ ከሰበታው ልጀምር። ሥራውን ያስተማረችኝ አዴ ጫልቱ ናት። አዴ ማለት በኦሮምኛ እንደ እትዬ ነው። አጭር፣ ወፍራም፣ ሰው የማትፈራ ሴት ነበረች። ሠራተኛው ሲወጣ እኔና እሷ ጎን ለጎን እንቆማለን፤ ክርና ጨርቅ ደብቀው እንዳይወጡ ነው። የሷ ሰልፍ እንደ ሠርግ ቤት ይረዝማል፤ እኔ ጋ ዝንብ። «እዚህም እኮ እጅ አለ!» ብዬ ብጮህ ማንም ዞር አይልልኝም። እንዲህ አድርጌ ነው ሥራዬን የጀመርኩት፣ እየቀናሁ።

በኋላ ሚስጥሯን አየሁት። አዴ ጫልቱ ሰው ከመንካቷ በፊት ሁለት እጇን ብብቷ ውስጥ ከታ ታሞቃለች። «ቀዝቃዛ እጅ የነካው ሰው ይደነግጣል፣ የደነገጠ ሁሉ ሌባ ይመስላል» ትላለች። ደሞ መጀመሪያ የምታየው ጫማ ነው። ፊት ይዋሻል፤ ጫማ ግን ትናንት የት እንደዋለ ይናገራል። ስትፈትሽ ስለ ሌላ ነገር ነው የምታወራው፣ ስለ ዶሮ፣ ስለ ዝናብ። የፋብሪካው ያልሆነ ነገር ካገኘች አላገኘችም። አንዴ አንዲት ልጅ ሆዷን በመቀነት ጠፍራ መጣች። አዴ ጫልቱ እጇ እዛ ሲደርስ ቀለል አድርጋ አለፈችና «ጸጉርሽ ዛሬ አምሮብሻል» አለቻት። ለኔ ዞር ብላ «እጅ ያየውን አፍ አይናገርም» አለችኝ። ይቺን ቃል እንደ ክታብ አንገቴ ላይ አሰርኳት።

ሁለት ቀሚስም ያስተማረችኝ እሷ ናት። አንድ ጠዋት አንዲት ሴት ሁለት ቀሚስ ደራርባ ወደ ሥራ ገባች። «ይቺ ዛሬ ቤቷ አትመለስም» አለችኝ በጆሮዬ። «በምን አወቅሽ?» ብላት፣ «ሻንጣ የያዘችን ሴት አገር ያያታል። ልብሷን ለብሳ የወጣችን ማን ያያታል?» አለች። ባሏ የሚደበድባት ሴት ነበረች። ሥራ ሲያልቅ አዴ ጫልቱ ሻይዋን እንኳ ሳትጠጣ ሴትየዋን ተከትላ ወጣች። የት እንደሄዱ አልጠየቅኩም። ያን አለመጠየቄን ልብ በሉልኝ።

ከሰበታ በኋላ የቀጠረን ኤጀንሲ ቡራዩ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መደበኝ። ደሞዙ የሚወራ አይደለም፤ የምፈርመውም በአውራ ጣቴ ነው። በሩ አጠገብ የቆርቆሮ ክፍል ሠሩልኝ፣ መጋረጃው የማዳበሪያ ጆንያ። ሴቶቹ ልጆች አንድ በአንድ እዛ ይገባሉ። ፈልጊ የተባልኩት ሞባይልና ስለት ነው። ያገኘሁትስ? ወይ ጉድ! ጡት መያዣ ውስጥ የተጠቀጠቀ ካልሲ፤ «እግርሽ በርዶት ነው እዚህ ያወጣሽው?» እላታለሁ፣ በሳቅ ትፈርሳለች። እንባ ያረጠበው እጅጌ። ቁርስ ያልቀመሰ ጎድን። ትከሻዋን እንደ ከበሮ ወጥራ የምትመጣ ልጅ ቤቷ ጩኸት አለ፤ ይሄን ህሊና አራት ዓመት ተምራ ነው ያወቀችው፣ እኔ በአንድ መንፈቅ።

አንዷ፣ ትዕግስት የምትባል፣ በየሳምንቱ ኪሷ ውስጥ የፍቅር ደብዳቤ ይዛ ትመጣለች። ጓደኞቿ ሁሉ ይቀኑባታል። ማንበብ አልችልም፤ ግን ቀለሙ ወይን ጠጅ ነው፣ እዛው ኪስ ውስጥ ደሞ ወይን ጠጅ እስክሪፕቶ አለ። «ስሚ» አልኳት፣ «ይሄ ልጅ ያንቺን እስክሪፕቶ እየተዋሰ ነው እንዴ የሚጽፍልሽ?» ፊቷ በርበሬ መሰለ። «አኮ፣ እንዳይናገሩብኝ! የሚጽፍልኝ የሌለ እኔ ብቻ ነኝ።» አኮ ማለት አያት ነው በኦሮምኛ፤ ሁሉም እንደዛ ነው የሚጠሩኝ። «አልናገርም፣ ግን ቀለም ቀይሪ» አልኳት። በሚቀጥለው ሳምንት በሰማያዊ መጣ። ከወር በኋላ ተወችው። እኔ ጋ መጥታ ስታወራ በቂ ሆነላት መሰለኝ።

እንግዲህ የኔ መንግሥት እንዲህ ነበር። ከዛ ሚስ ፍሬሕይወት መጣች።

የልጆች አማካሪ ተብላ ነው የተቀጠረችው። ወጣት፣ ቀጭን፣ ድምጿ እንደ ማር። ቢሮ ሰጧት፤ መጋረጃው አበባ ያለበት፣ ሁለት ለስላሳ ወንበር፣ ጠረጴዛው ላይ ሶፍት። የኔን ጆንያ አየሁት፣ የሷን መጋረጃ አየሁት። በሳምንቱ ልጆቹ እኔ ጋ እጃቸውን ዘርግተው ቶሎ ቶሎ ያልፋሉ። «የት ነው ጥድፊያው?» «ሚስ ጋ ቀጠሮ አለኝ፣ አኮ።» ቀጠሮ! እኔ ጋ ማን ቀጠሮ ይዞ ያውቃል?

ሚስ ፍሬሕይወት ክፉ አልነበረችም፤ ክፉ ብትሆን ይቀለኝ ነበር። አንድ ቀን ቆርቆሮዬ ድረስ መጥታ ጎንበስ ብላ ሰላም አለችኝ።

«እማማ፣ እርስዎ በእጅዎ የሚያውቁትን እኔ በወር አላውቀውም። ያሳሰበችዎት ልጅ ካለች ብቻ ጠቆም ቢያደርጉኝስ?»

«እጅ ያየውን አፍ አይናገርም» አልኳት፣ አገጬን ቀና አድርጌ።

ምን የመሰለ መልስ! አዴ ጫልቱን አስመስዬ። ውስጡ ግን ሌላ ነው፤ ውስጡ «የኔን ልጆች ወስደሽ ደሞ እጄንም ልትወስጂ?» ነው።

ያ ጊዜ የማስተር ፕላኑ ጊዜ ነው። አዲስ አበባ ልትሰፋ ነው፣ በዙሪያዋ ያለነውን ልትጠቀልለን ነው ተባለ። የገበሬው ልጅ መሬታችን ሊሄድ ነው ብሎ ተነሳ። ዛሬ ትምህርት አለ፣ ነገ የለም። አስፋልቱ ላይ ድንጋይ፣ የሚቃጠል ጎማ፣ ከዛ ወታደር፣ ከዛ የታሰረ ልጅ የምትፈልግ እናት። ስለ መሬቱ ሰው ብዙ አወራ። ሴቶቹ ልጆች ግን ያን ሁሉ ተሸክመው በየጠዋቱ በኔ እጅ ነበር የሚያልፉት።

ለሊሴና ሜላት የሚባሉ የዘጠነኛ ክፍል ልጆች ነበሩ። ለሊሴ የገበሬ ልጅ ናት፣ ከገፈርሳ ወዲህ፣ ረጅም፤ «ቀጭኔ» ነው የምላት። ሜላት ከአዲስ አበባ መጥተው አዲስ ቤት የተከራዩ ሰዎች ልጅ፤ እናቷ ጎህ ሳይቀድ ከተማ ለሥራ ትሄዳለች። አንድ ዴስክ ነው የሚቀመጡት፣ ክንድ ለክንድ ተያይዘው ነው የሚመጡት። አንዷን ስፈትሽ ሌላዋን ይኮረኩራታል። ለሊሴ በሜላት ቀሚስ ትቀና ነበር፤ ሜላት አንድ የበዓል ልብስ አለቻት። «አኮ፣ ጨርቁን ቢነኩት እንደ ውሃ ነው የሚያመልጥዎት» ትለኛለች። ሜላት ደሞ «ለሊሴ ቤት ስትገባ እናቷ አለች» ትላለች። ቅናት እንዲህ ሲሆን ጨው ነው፣ ያጣፍጣል።

ከዛ የለሊሴ አባት የገብስ ማሳ ላይ የቀያሽ ችካል ተተከለ። ወንድሟ ታሰረ። ክፍል ውስጥ ደሞ ልጆቹ «አንቺ ከነማን ጋር ነሽ?» መባባል ጀመሩ። ሜላት አፏ አመለጣት፤ «ወንድምሽ ድንጋይ ባይወረውር ማን ያስረዋል?» አለቻት። ለሊሴም «አንቺ ምን አለብሽ፣ ነገ ሌላ ቤት ትከራያላችሁ» አለቻት። ከዚያ ቀን በኋላ አንዷ በጊዜ፣ አንዷ አርፍዳ ለየብቻ መጡ።

ለሊሴ መጀመሪያ ለኔ ነበር የምትነግረኝ። በኋላ እሷም አበባው መጋረጃ ጋ ሄደች። አየኋት፣ ሶፍት ይዛ ስትወጣ። እኔ ጋ እኮ የቀሚሴ ጫፍ ነበር የምትጠራረግበት! ሦስት ቀን ኮስተር ብዬ ፈተሽኳት። «ቀጭኔ» አላልኳትም። እጄንም ብብቴ ውስጥ አላሞቅኩም። ትልቅ ሴትዮ፣ ከአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ጋር ኩርፊያ።

በአራተኛው ቀን ለሊሴ ገባች። እጄ ትከሻዋ ላይ አረፈ፣ ወረደ፣ ወገቧ ላይ ቆመ። ከዩኒፎርሙ ሥር ቀሚስ አለ። ከቀሚሱ ሥር ሌላ ቀሚስ አለ።

«በርዶሽ ነው?» አልኳት።

«አዎ፣ አኮ።»

ግን አልሄደችም። ጆንያውን በአንድ እጇ ገልጣ ቆመች፣ ፊቷን ወደኔ አዙራ። ቆመች እኮ! ሚስ ፍሬሕይወት አሥር እርምጃ ርቃ ሹራቧን ደርባ ልጆቹን ሰላም ትላለች። «ነይማ» ማለት ብቻ ነበር። እኔ ግን በልቤ እንዲህ አልኩ፦ ስትወጣ እይዛታለሁ፣ ብቻዬን አናግሬ አስቀራታለሁ፣ ከዛ እዛ ለስላሳ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ «ይቺን ያዳንኳት እኔ ነኝ» እላታለሁ። «እለፊ፣ ሰልፍ አለ» አልኳት ለሊሴን።

አራተኛው ክፍለ ጊዜ ሳያልቅ አስፋልቱ ላይ ጩኸት ተነሳ። ጭስ መጣ። ልጆቹ በሩን ገንጥለው ሊወጡ ሆነ፣ ዘበኛው ከፈተው። እንደ ጎርፍ ወጡ። በጎርፍ ውስጥ ማን ማንን ይፈትሻል? ትምህርት ቤቱ ከዛን ቀን ጀምሮ ተዘጋ።

ለሊሴ ቤቷ አልገባችም።

እኛ በሩን ለመጠበቅ እንመጣ ነበር፣ አስተማሪዎቹም አንዳንዶቹ። እናቷ በየቀኑ ትመጣለች። «ኢንተሊ ኮ ኤሳ ጂርቲ?» ትላለች፣ ልጄ የት ናት ማለቷ ነው። ሁሉም ታስራለች ነው የሚለው። አባቷ በየፖሊስ ጣቢያው ይዞራል፣ ዘመዶቿ በየሆስፒታሉ። እንዳልታሰረች የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ሁለት ቀሚስ ለብሳ የወጣች ልጅ አስባ ነው የወጣችው። መፈለግ የነበረባት መናኸሪያና ደላላ ቤት ነው። ግን ያን ለመናገር «አውቄ ነበር» ማለት ይጠይቃል። አንድ ቀን ዋልኩ። ሁለት። ሦስት። «እጅ ያየውን አፍ አይናገርም» እያልኩ። ህሊና፣ ብዕርሽ ቆመሳ? እኔም ያኔ ቆሜ ነበር።

በአራተኛው ቀን እናቷ መሬት ላይ ቁጭ ብላ አንድ ጫማ ታቅፋ አየኋት። የለሊሴን የድሮ ጫማ። ጫማው ተረከዙ አልቋል። ተነስቼ ወደ አበባው መጋረጃ ሄድኩ። አላንኳኳሁም፣ ገባሁ።

«ሁለት ቀሚስ ለብሳ ነበር» አልኩ። «አውቄ ነበር።»

ሚስ ፍሬሕይወት ትቆጣኛለች ስል ወንበሩን ሳበችልኝ። ለስላሳው ወንበር! እሾህ ሆነብኝ። ከዛ ማንም ጠይቆኝ የማያውቀውን ነገር ጠየቀችኝ።

«እማማ፣ ጨርቁ ምን ይመስል ነበር? እጅዎ ያስታውሳል?»

አይኔን ጨፈንኩ። እጆቼን አየር ላይ አሄድኳቸው። «የላዩ ጥጥ ነው፣ ያረጀ፣ ጎኑ በእጅ የተሰፋ። የታችኛው... እንደ ውሃ ነው። ኋላው ላይ ቁልፍ አለ፣ እንደ ሽምብራ ፍሬ ፍሬ የተደረደረ።»

ከወንበሯ ብድግ አለች። «የሜላት ቀሚስ ነው! ባለፈው የክፍላቸው ዝግጅት ላይ ለብሳው አይቻለሁ።»

ሜላት ቤት ሄድን። እናትየዋ ሥራ ናት፣ ልጅቷ ብቻዋን በሩን ከፈተች። ስታየን ማልቀስ ጀመረች። «ታርቀን ነበር» አለች። «ልጆቹ እንዳያዩን ተደብቀን። ቀሚሱን የሰጠኋት እኔ ነኝ። አረብ አገር ሄጄ ለእናቴ ቤት እሠራለሁ፣ ያንቺንም ቀሚስ እመልስልሻለሁ አለችኝ። እንዳትናገሪ ብላ አስማለችኝ። ደሞ ማንም አልጠየቀኝም።»

ሜላት እንደነገረችን ደላላዋ አሸዋ ሜዳ ነው ያለችው። እኔ፣ ሚስ ፍሬሕይወትና የለሊሴ እናት ሄድን። የደላላዋ አከራይ በሩን ገርበብ አድርጋ «የገጠር ልጆቹን ነው? እነሱማ ትናንት ጠዋት ወጡ፣ ወደ ድንበር» አለችን።

ትናንት። እኔ ዝም ያልኩት ሦስት ቀን ነው፣ ያመለጠችን በአንድ።

መንገድ ላይ ለእናትየዋ ነገርኳት። በኦሮምኛ፣ እንዲሰማት። ትረግመኛለች ብዬ አንገቴን ደፋሁ። እሷ ሁለት እጄን ያዘች፣ መዳፌን ወደ ላይ ገለበጠችው፣ እንደ ደብዳቤ ረጅም ጊዜ አየችው። ከዛ ቀስ ብላ ለቀቀችውና ሄደች። ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር።

ያን ጊዜ ነው አዴ ጫልቱ የገባችኝ። አፏ ዝም አለ እንጂ እግሯ አልተኛም ነበር። ያችን ሁለት ቀሚስ የለበሰች ሴት ተከትላ ወጥታ አይደል! እኔ የወሰድኩት የቃሏን ግማሽ ነው፣ የሚመቸኝን።

ትምህርት ቤት ሲከፈት ሚስ ፍሬሕይወትን ጠዋት ጠዋት አጠገቤ አቆምኳት። «ይቺን ቁርስ ጠይቂያት፣ ያችን ዝም ብለሽ አስቀምጫት» እላታለሁ። ቅናቱ ለቀቀኝ ብል ውሸት ነው። አፌን ብቻ ነው የለቀቀልኝ። ከዛ ወዲህም ማንንም ልጅ «በርዶሽ ነው?» ብዬ አንዴ ብቻ ጠይቄ አላውቅም።

ኤጀንሲው በኋላ ወደ ሱሉልታ አዛወረኝ። ብርዱ! ሯጮቹ በየጠዋቱ በበሩ ያልፋሉ፤ በሳንባቸውም ቀንቻለሁ። ዓመታት አለፉ፣ የሚጮኸው በር ተተከለ፣ የመጨረሻዬ ሳምንት ደረሰ። ሥራ ፈትቼ፣ ይቅርታ፣ ሥራ ፈትቶኝ በርጩማ ላይ ቁጭ እንዳልኩ አንዲት ረጅም ሴት አንዲት ትንሽ ልጅ ይዛ ገባች።

«አኮ!»

ተነሳሁ። አቀፍኳት። እጄ አመሉ አይደል፣ ሳላውቀው ፈተሻት። ግራ ትከሻዋ ሙሉ አይነሳም። ሁለት ዓመት አረብ አገር ሰው ቤት ሠርታ ነው የተመለሰችው፤ ምን እንደገጠማት ያ ትከሻ ነገረኝ።

«አሁንም ይፈትሻሉ?» ብላ ሳቀች፣ ለሊሴ። ሱሉልታ ለሯጮች ምግብ የሚያበስል ቤት ተቀጥራለች፤ እህቷን ቦንቱን ዘጠነኛ ክፍል ልታስመዘግብ ነው የመጣችው። ከሜላት ጋር ይደዋወላሉ። ቀሚሱን መልሳለች፣ ሌላ ገዝታ።

ከዛ ሳቋን ተወችው። «አኮ፣ ያን ቀን ጆንያውን ይዤ ቆሜ ነበር። ሁለተኛ ይጠይቁኛል ብዬ።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልጠየቁኝም?»

ውሸት ሞልቶኝ ነበር። ሰልፉ፣ ደወሉ፣ ግርግሩ። ሁሉንም ዋጥኳቸው።

«ቀንቼ ነው» አልኳት። «በሚስ ፍሬሕይወት። ወደሷ ስለሄድሽብኝ።»

አፏን ከፍታ አየችኝ። «አኮ» አለችኝ፣ «እኔ እኮ የፈለግኩት ሁለታችሁንም ነበር።»

ቦንቱ በሚጮኸው በር አለፈች። በሩ ዝም አለ። ለሊሴ በሩን ከላይ እስከ ታች አየችውና «ይሄ ሁለት ቀሚስ ያውቃል?» አለችኝ።

«ብረት ብቻ ነው የሚያውቀው።»

እጄን ብብቴ ውስጥ ከተትኩ፣ አሞቅኩት፣ የቦንቱን ትከሻ ያዝኩ። ከበሮ። «በርዶሽ ነው?» አልኳት። «አይ» አለች። «እውነት አልበረደሽም?» አልኳት። ከንፈሯን ነከሰች።

ሱሉልታም አማካሪ አለች፣ ወጣት፣ ባለ መጋረጃ፣ ባለ ወንበር። የቦንቱን እጅ ያዝኩና ግቢውን አቋረጥኩ። እስከ በሩ ድረስ ቀናሁ። ከዛ አንኳኳሁ።